ዋልካ መሬት ላይ የክሪኬት ፒች፦ አፈሩን እናውጣው ወይስ በራሱ እንሥራው?

የጠዳው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለጎንደር ሰው ትንሽ ግር ይል ይሆናል። ክሪኬት የሚያውቅ እዚህ አለ?

ጠዳ አካባቢ የስፖርት መምህር ነኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ነበሩን። ማታ ማታ ከጓደኞቻቸው ጋር ግቢው ጥግ ላይ ክሪኬት ይጫወታሉ። ሰው ሲጎድላቸው እኔን ይጠሩኛል። በዚያው ሱሱ ያዘኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። አሁን በሰፈራችን ክለብ ከእግር ኳሱና ከመረብ ኳሱ ጎን ክሪኬት የሚጫወቱ ልጆች አሉ። መምቻውን አናጢ ከዋንዛ ይጠርብልናል። ኳሳችን የቴኒስ ኳስ ነው፤ እንዲከብድ በናስትሮ እንጠቀልለዋለን። የገና ጨዋታ ያደጉበት አባቶች ቆመው ያዩንና "ይሄ የገና ዘመድ ነው" ይላሉ። ጥንጉን መሬት ለመሬት መንዳት ትተን ለምን በአየር እንደምንወረውረው ግን አይዋጥላቸውም።

እስካሁን የምንጫወተው እህል ከተነሣ በኋላ አውድማ ላይ ነው። ዘንድሮ ቀበሌው ከእግር ኳስ ሜዳው አጠገብ ቦታ ሰጠን። ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ችግሩ አፈሩ ነው። ጥቁር ዋልካ። ክረምት ላይ ጫማ ያስወልቃል። ጥር ሲገባ ደግሞ ይሰነጣጠቃል፤ ኳሱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በእንጨት ፈልቅቀን ያወጣንበት ጊዜ አለ።

ልኩን አውቀዋለሁ። ፒቹ፣ ማለትም ኳሱ የሚነጥርበትና መቺው የሚቆምበት ጠባብ መሬት፣ ከችካል እስከ ችካል 20.12 ሜትር፣ ወርዱ 3.05 ሜትር ነው። የማላውቀው ከስር ያለውን ሥራ ነው። ዋልካውን አውጥተን ቀይ አፈር እናምጣ? ኮንክሪት እናፍስስ? ወይስ በዚሁ አፈር ይሠራል? ደግሞስ እንደ ትልልቆቹ ሜዳዎች ብዙ ፒች ጎን ለጎን ያለው ስኩዌር ይሻላል ወይስ አንድ ብቻ?

ገንዘባችን ትንሽ ነው። እጅ ግን አለን፤ ልጆቹ ሞልተዋል። ውሃ ከጉድጓድ በአህያ ነው። ሮለር የለንም።

ገረጋንቲ፦

መምህር፣ እኔ ክሪኬት አላውቅም። አፈር ግን አውቃለሁ፤ እንጀራዬ መንገድ ሥራ ነው። ዋልካን አትመነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወጣል፣ ይዞ ይወርዳል። ከአዘዞ ወዲያ ግድግዳቸው ከጥግ እስከ ጥግ የተሰነጠቀ ቤቶች አይተህ የለ? እኛ መንገድ ስናወጣ ዋልካውን ቆርጠን እንጥላለን፣ በምትኩ ገረጋንቲ እንሞላለን፣ እንጠቀጥቃለን።

ስለዚህ ቆርጠህ አውጣው። ገረጋንቲ ሙላ። ከላይ 10 ሳንቲም ኮንክሪት። አለቀ።

ቀብድ ተከፍሎ ያልተሠራ፦

በኛ ሰፈር ለመረብ ኳስ ሜዳ ቀይ አፈር አስመጥተን ነበር። አንድ ክረምት አልቆየም፤ ጎርፍ ወሰደው። ቦታው አሁን የልብስ ማስጫ ነው። ከአፈሩ በፊት ውሃው በየት እንደሚወጣ አስቡ። ሌላ የምጨምረው የለኝም፣ በርቱ።

ሮለር ነጂው፦

መምህር፣ አትቸኩል። ዋልካውን እንዳታስጥለው።

እኔ ኤምሬትስ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የክሪኬት ሜዳ ላይ ሣር አጫጅ ሆኜ ገባሁ፣ ሮለር ነጂ ሆኜ ወጣሁ። አለቃችን ከላሆር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ያ አገር አሸዋ ነው፤ ፒቹ የተሠራበት አፈር ከፓኪስታን የመጣ ነበር። ፓኪስታን ውስጥ የናንዲፑር አፈር ለፒች ስሙ የታወቀ ነው። እኔ ያንን አፈር በእጄ ሳሸው "ለዚህ ነው ባሕር የሚያሻግሩት? እኛ አገር በሬ ያስጨንቃል" እል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሪኬት ላይ ኳሱ አንዴ መሬት ነክቶ ነው ወደ መቺው የሚመጣው። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ኳሱ ይሞታል። ጠንካራ እንዲሆን አፈሩ ሲደርቅ መጨማደድና መያያዝ አለበት። ያንን የሚያደርገው ሸክላው ነው። አሸዋ ብትጠቀጥቀውም አይያያዝም። እንግሊዞች የሚጠቀሙት አፈር ከመቶው ከ25 እስከ 35 ገደማ ሸክላ አለው። አውስትራሊያዎች ከ50 በላይ ያለውን ጥቁር አፈር ይመርጣሉ፤ ፀሐያቸው ያንን ያደርቀዋል። ህንድ ሁለቱም አለ። ቀዩ አፈር ኳሱን ከፍ አድርጎ ያነጥራል፣ ግን ቶሎ ይፈራርሳል። ጥቁሩ ርጥበት ይይዛል፣ ኳሱ ዝቅና ዘግየት ይላል። የኛ ዋልካ ከ50 በመቶ ይበልጣል፣ ከ60 የሚያልፍም አለ። ስለዚህ ጥሩ አፈር አለህ፤ ያለቅጥ ጥሩ ነው፣ እሱ ነው ጣጣው።

ገረጋንቲ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ከስር ያለው ዋልካ አንድ ሜትር ድረስ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በቀጥታ ብትሠራ ስንጥቁ ይወጣብሃል። ስለዚህ 30 ሳንቲም ቆፍር። ታችኛውን 20 ሳንቲም ደቃቅ ገረጋንቲ ሞልተህ ጠቅጥቅ። ላይኛውን 10 ሳንቲም ደግሞ በተመጠነ ዋልካ ሥራ። ቆፍረህ ያወጣኸውን ዋልካ እንዳትጥለው፣ ሥራ አለው።

ምን ያህል ይመጠን ለሚለው ላቦራቶሪ አያስፈልግህም። የመገጭ ዳር ደለል አምጣ። ከዋልካው ጋር በተለያየ መጠን ቀላቅል፦ ዋልካ ብቻ፣ ሦስት እጅ ዋልካ አንድ እጅ ደለል፣ ሁለት ለአንድ፣ እኩል በእኩል። ሁሉንም በውሃ አሽተህ የሎሚ ፍሬ የሚያህሉ ድቡልቡሎች ሥራ። ጥላ ውስጥ ይድረቁ፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣሃቸው ሁሉም ይሰነጠቃሉና አታውቅም። ሳምንት ቆይተህ ተረከዝህን ጫንባቸው። በጣትህ የሚፈርሰው አይሆንም። ሳትረግጠው በራሱ የተሰነጠቀውም አይሆንም። ሰውነትህን ጥለህበት የሚንገታገተው፣ ሲሰበርም እንደ ድንጋይ በጥርት የሚሰበረው እሱ ነው። እንግሊዞችም በትንሽ የአፈር ድቡልቡል ነው የሚፈትኑት፤ እነሱ ሚዛን ላይ ያደርጉታል፣ አንተ ተረከዝህ ይበቃሃል።

ከመረጥክ በኋላ ግን ለዘላለም እሱ ነው። በየዓመቱ ስታድስም ያንኑ አፈር፣ በዚያው ልክ። የተለያየ አፈር ደርበህ ካነጠፍክ አንዱ ብዙ ይኮማተራል፣ ሌላው ትንሽ፤ መሀል ላይ ይላቀቃሉ። ላዩ ደህና መስሎህ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ስትረግጠው ከበሮ ድምፅ ካሰማህ አበቃለት። አለቃዬ አንድ ቁምነገር ብቻ ከኔ ቢይዝ ብለው የሚያስቡት ይሄንን ነበር፤ የደጋገሙልኝ ብዛት! ስለዚህ አሁኑኑ ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚሆን አፈር ነፍተህ በማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጥ።

ኮንክሪቱን አልወደውም። ይሠራል፣ ብዙ አገር የመንደር ክለቦች በላዩ ምንጣፍ አንጥፈው ይጫወታሉ። ግን ልጅ ኮንክሪት ላይ ሲወድቅ ጉልበቱ ነው የሚሄደው። ደግሞ አንዴ ካፈሰስከው አፈር ሥራ አይማሩም።

የደምቢያ ልጅ፦

ጋሼ ሮለር ነጂው፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። እኔ ኳስ አልጫወትም፣ አያቴ አጠገቤ ስላሉ ጥያቄውን አነበብኩላቸው። ሳቁ። "አውድማ ሥሩ በሉኛ!" አሉ።

እሳቸው እንደነገሩኝ ልጻፍ። አውድማ ሲሠራ ሣሩ ይላጣል፣ መሬቱ ይስተካከላል፣ ውሃ ይረጫል፣ ከብት እየተነዳ ይረገጣል። ሲጠነክር በእበት ይለቀለቃል። እህል ሲወቃ አፈር እንዳይገባበት ነው። እበቱ ስንጥቅ ይዘጋል ይላሉ። ዋልካ ከሆነ ጭድ ቢገባበት እንደ ቤት ምርጊት ይያያዛል፣ አይሰነጠቅም አሉ።

ውሃውን በሚመለከት ደግሞ ፈሰስ አውጡ አሉ። እርሻ ላይ እንደሚወጣው፣ ከላይ በኩል አሻግሮ የሚቀበል ፈሰስ። "ዋልካ ውሃ አያሰርግም፤ ወይ በላዩ ይሄዳል ወይ ይተኛበታል" ነው ያሉት። ሽምብራና ጓያ ክረምት ካለፈ በኋላ ዋልካ ላይ የሚዘሩት በተረፈው ርጥበት ስለሚያድጉ አይደል? በየት ገብቶ ይደርቃል ብላችሁ ነው ይላሉ።

የጠዳው መምህር፦

እናመሰግናለን፣ እግዜር ይስጥልን። የአያትሽን ጉልበት ሳሚልኝ።

ጋሼ፣ ጥቂት ነገር ላስቸግርዎ። አንደኛ፣ ሮለር ከየት ላምጣ? አንድ ልጅ አባቱ የሚያውቁት ኮንትራክተር ትልቁን የመንገድ ሮለር ለግማሽ ቀን ሊያውሰን ይችላል ብሏል። ሁለተኛ፣ ጭዱና እበቱ ይሆናል ወይ? ሦስተኛ፣ ሣሩ። እኛ ጋ ያለው ሰርዶ ብቻ ነው፤ ከእንግሊዝ ዘር ማስመጣት አንችልም። ደግሞ ከብቱ! ጥቅምት አልፎ እህል ሲነሣ አገሩ ሁሉ ግጦሽ ነው። ሣር አብቅዬ በሬ እንዳይበላው ምን ላድርግ?

ሮለር ነጂው፦

"ከኔ በኋላ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ" ሲባል አልሰማህም? ሰርዶ እኮ ወርቅ ነው! አውስትራሊያና ህንድ ትልልቅ ሜዳዎች ላይ የሚተክሉት ሣር ዘሩ ያው ሰርዶ ነው፤ የተመረጠ ዓይነት ይሆናል እንጂ። እንግሊዝ አገር ያለው ሣር ለብርድ አገር ነው፣ አንተ ምን አደረገልህ? ሰርዶ ፀሐይ ይወዳል፣ ድርቅ ይችላል፣ ቢረግጡት ይነሣል። ዘርም አትገዛም። ከመንገድ ዳር ሐረጉን ንቀል፣ በጣት ልክ ቆራርጥ፣ በተነፋ አፈር ሸፍነህ ርገጠው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ትከለው፤ ከዚያ በኋላ ክረምቱ ያጠጣልሃል።

ሣሩ ለውበት አይደለም። ይሄ ብዙ ሰው አይገባውም። 10 ሳንቲም የተጠቀጠቀ ሸክላ ከላይ ብቻ ነው በፀሐይ የሚደርቀው። ቅርፊት ይሠራል፣ ከስር እርጥብ ነው። ውስጡን የሚያደርቀው ሥሩ ነው፤ ውሃውን ከታች ይመጠዋል፣ በቅጠሉ ያወጣዋል። አፈሩንም ሰፍቶ ይይዘዋል፤ ስንጥቅ ቢመጣ እንኳ ብዙ ደቃቅ ስንጥቅ ይሆናል እንጂ ያንተ ኳስ የሚገባበት ገደል አይሆንም። ለዚህ ነው ሥሩ እስከ ታች እንዲወርድ ውሃ አንዴ አጥግበህ ማጠጣት ያለብህ፤ በየቀኑ ብትረጭለት ሥሩ ሳይወርድ ከላይ ይቀራል። ከጨዋታ በፊት ሣሩን እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርገህ ታጭደዋለህ።

ጭድ ግን ፈጽሞ! አባታችን ስለ ምርጊት ያሉት ልክ ነው፣ ግድግዳ አይነጥርምና። ፒች ውስጥ የገባ ጭድ ይበሰብሳል፣ ስፖንጅ ይሆናል፣ ኳሱን ይውጠዋል። እኛ የሞተ ሣር እንኳ እንዳይከማች በየጊዜው እየፋቅን እናወጣ ነበር። እበቱም ያው ነው፤ ሣር እስኪበቅል አውድማችሁ ላይ ለምትጫወቱት ግን ለቅልቁት፣ ምንም አይል።

የውሃውን ነገር አባታችን ጨርሰውታል። ከስር ቱቦ ቀብራለሁ ብለህ ብር አታጥፋ፤ ሸክላ ውሃ ወደ ታች አይለቅም። ፒቹን ከአካባቢው በትንሹ ከፍ አድርገው፣ በወርዱ በኩል አዘንብለው፤ በ3 ሜትር 3 ሳንቲም ይበቃል። በርዝመቱ ግን ቀጥ ያለ ይሁን። ሲባጎ ወጥር፣ ውሃ ልክ ያዝ። ፈሰሱን ከላይ በኩል ቆፍር። የተቀረው ሜዳ ቢያዘነብል አትጨነቅ፤ ለንደን ያለው የሎርድስ ክሪኬት ሜዳ እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.5 ሜትር ያህል ዝንባሌ አለው፣ ዓለም እየሄደ ይጫወትበታል።

አሁን ጥቅጠቃው። የመንገድ ሮለሩን ለገረጋንቲው ተበደር፣ እሰየው። ወደ ዋልካው ግን እንዳይጠጋ፤ ቢመጣም ንዝረቱን ያጥፋው። አፈሩን በ3 ወይ በ4 ሳንቲም ንጣፍ አንጥፍ። ልጆቹን ትከሻ ለትከሻ አሰልፍና በተረከዛቸው እየረገጡ ይሂዱ፤ እንግሊዝም የድሮ ሜዳ ሠሪዎች እንዲሁ በተረከዝ ነበር የሚረግጡት። ከዚያ በሮለር። ከዚያ ላዩን በሬክ ጫር ጫር አድርገህ ሻካራ አድርገው፣ ቀጣዩን ንጣፍ በላዩ። ካልጫርከው ሁለቱ አይጋቡም፣ የነገርኩህ ከበሮ ይመጣል።

ርጥበቱ ነው ፈተናው። ጭቃ አይቦካም! ለቤት እንደሚቦካው ካደረግኸው ሲደርቅ ትርፉ ስንጥቅ ነው። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ መዳፍ ላይ ግን የማይጣበቅ ይሁን። ሮለሩ ላይ ከተለጠፈ እርጥብ ነው፣ ተወውና ቡና ጠጣ። አቧራ ካስነሣ ደርቋል።

ሮለርህን ራስህ ሥራው። 200 ሊትር በርሜል ፈልግ፣ ያልተጨማደደ፣ ክብ የሆነ። መሀሉን የብረት ቧንቧ አሳልፍ፣ ኮንክሪት ሙላ። ወደ 480 ኪሎ ይመዝናል። እጀታ አስበይድለት፣ ሰው ይጎትተው። በሬ እንዳትጠምድ፣ ኮቴው ሥራህን ያፈርሰዋል። ትልልቅ ክለቦች ከአንድ ቶን በላይ ነው የሚጠቀሙት፤ አንተ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀስ ብለህ ትመላለሳለህ። ቀስ! ልጆች ሮለር ሲይዙ መሮጥ ይወዳሉ፤ የሚሮጥ ሮለር አፈሩን ወደ ፊት ይገፋዋል እንጂ አይጫነውም።

ለከብቱ መልስ የለኝም። እሱ የሽማግሌ ጉዳይ ነው። በግ ግን ፍቀድ። ሎርድስ እንኳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሣሩን የሚያስጨርሰው በበግ ነበር። ደረቅ ሲሆን ብቻ ታዲያ።

ገረጋንቲ፦

ሮለር ነጂው፣ ገረጋንቲዬን ስላልጣልክብኝ አመሰግናለሁ። ኮንክሪቱን ትቼዋለሁ፣ ልጅ አለኝ፣ ጉልበቱ ገባኝ።

አንድ ነገር ግን ልጨቃጨቅ። 30 ሳንቲም የቆፈርከው ጉድጓድ ዙሪያው ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ በጎን ገብቶ ገረጋንቲው ውስጥ ከተጠራቀመ ገንዳ ሠራህ ማለት ነው። ዋልካው ከታች ያብጣል፣ ፒቹ መሀሉ ይነሣል። ስለዚህ የጉድጓዱ ወለልም ያዘንብል፣ ዝቅተኛው ጥግ ላይ ደግሞ ድንጋይ የተሞላ መውጫ ቦይ ወደ ፈሰሱ ይውጣ። ቱቦ አያስፈልግም፣ ድንጋይ ይበቃል። ገረጋንቲውንም ደቃቅ የበዛበትን ምረጥ፣ በደንብ ከተጠቀጠቀ ራሱ ውሃ አያስገባም።

ሮለር ነጂው፦

ይሄን አላሰብኩትም፣ ኤምሬትስ ዝናብ የለማ! መምህር፣ እንዳለህ አድርግ። ባለሙያ ነው።

የጠዳው መምህር፦

ሁለታችሁም ኑሩልኝ። ስለ ስፋቱ ግን አልመለሳችሁልኝም። ክለቡ ውስጥ ስኩዌር ይሁን የሚሉ አሉ፤ አንድ ፒች ብቻ ከሆነ ቶሎ ያልቃል ብለው። እኔም ወደዚያው ዘንበል ብያለሁ። ሂሳብ ስሠራው ሦስት ፒች ጎን ለጎን 9.15 ሜትር በ25 ሜትር (ከችካሎቹ ኋላ ያለውን ጨምሮ)፣ በ10 ሳንቲም ውፍረት ወደ 23 ሜትር ኩብ ይመጣል። ልቅ አፈር ሲሆን ከ30 በላይ ማለት ነው። ሁለት ሲኖትራክ ገደማ።

ሮለር ነጂው፦

ሂሳቡ ልክ ነው። ልብህ ግን አይደለም።

30 ሜትር ኩብ ዋልካ መፍጨትና መንፋት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? የደረቀ የዋልካ ጓል በመዶሻ ነው የሚሰበረው። ጎበዝ ከሆንክ ጥቅምት ላይ፣ ግማሽ ሲደርቅ፣ ጓሉ በእጅ ሲፈርስ ትይዘዋለህ። ያም ሆኖ በ5 ሚሊ ወንፊት መንፋት አለ። የልጆቹ ፍቅር አፈር ክምር ላይ ያልቅብሃል። ከዚያ ውሃው። አንዱን ፒች ብቻ እስከ ታች ለማራስ 2 ሺህ ሊትር ገደማ ትፈልጋለህ፣ አሥር በርሜል። በአህያ! ሦስቱን ስታስብ አህያዋም ታዝንልሃለች።

አንድ ፒች ሥራ። 25 ሜትር በ3.05፣ ወደ 8 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ። ከጎንና ከጎኑ ግን ለሌሎች ቦታ ተው፤ ገረጋንቲውን ከቻልክ ለሦስቱም አሁን ሙላ፣ የመንገድ ሮለሩ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። በየዓመቱ አንድ ትጨምራለህ። እየቆየ ስኩዌር ይሆናል፤ መጀመሪያ ላይ ያጠፋኸውንም በሚቀጥለው ታርመዋለህ። ሦስቱን ባንዴ ከሠራህ ስሕተቱም ሦስት ነው።

ሰሜንና ደቡብ አድርገህ አስቀምጠው። ከትምህርት በኋላ ነው የምትጫወቱት፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስትወርድ መቺው ዓይን ውስጥ ከገባች ኳሱን አያየውም።

የደምቢያ ልጅ፦

አያቴ አሁንም እየጠየቁኝ ነው። ስለ ከብቱ። "እረኞቹን የቡድኑ ልጅ አድርጓቸው" ይላሉ። አጥር ቢታጠር ማታ ለማገዶ ይወስዱታል፤ ግን እረኛው ራሱ ተጫዋች ከሆነ ከብቱን እሱ ነው የሚመልስ። ደግሞ ከጎኑ ያለውን ሣር አጭደው እንዲወስዱ ፍቀዱላቸው ብለዋል፣ ያኔ ፒቹን አይነኩም። እኔ ትክክል ይመስለኛል።

የጠዳው መምህር፦

ይሄንን እንዴት አላሰብኩትም? ፈጣኑ ወርዋሪያችን እረኛ ነው። ከብት ሲጠብቅ ድንጋይ እየወረወረ ነው ክንዱ የጠነከረው። ዛሬ ማታ አናግረዋለሁ።

በቃ፣ አንድ ፒች። ለክለቡ ሰዎች ይሄንን ጽሑፍ አሳያቸዋለሁ፣ እኔን ካላመኑ ሮለር ነጂውን ይመኑ። ጥቅምት ሳያልቅ ዋልካውን እናወጣለን። ቅዳሜ ከመገጭ ደለል አምጥተን ድቡልቡሎቹን እንሠራለን። አዘዞ አካባቢ 5 ሚሊ ወንፊት ያለው ሰው ካለ ያውሰን፣ ሳናበላሽ እንመልሳለን።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ህንዳዊው አስተማሪዬ ሲሄዱ እውነተኛውን የቆዳ ኳስ ትተውልኝ ሄደዋል። ፒቹ ሲያልቅ በሱ እንጫወት?

ሮለር ነጂው፦

የመጀመሪያው ዓመት አይደለም! ያ ኳስ 160 ግራም ገደማ ነው፣ ጠንካራ። አዲስ ፒች ላይ ከየት ከፍ ብሎ ከየት ዝቅ ብሎ እንደሚመጣ አታውቅም። አንዱ ልጅ ፊቱን ቢመታ ክለቡ ይዘጋል። በናስትሮው ኳስ አንድ በጋ ተጫወቱ። ኳሱ በየቦታው ስታነጥረው እኩል ከፍታ ከመጣ፣ መኪና ቁልፍ ስትወጋው አልገባ ካለ፣ ያኔ ሄልሜትና የእግር መከላከያ ካገኛችሁ አውጣው።

ድቡልቡሎቹ ሲደርቁ ፎቶ ለጥፍ። ከላይ ሳይሆን ሰብረህ የውስጡን።